ወርሽ ሲገባ፦ የምጥ ምልክቶችን ከመንገድሽ ጋር አስልቶ ማንበብ

መንዝ ላይ አዋላጅ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት «ይሄ ነገር ምጥ ነው እንዴ?» የሚለውን ያህል የተጠየቅኩት ጥያቄ የለም። ሰውነት ምልክት መስጠቱን ይሰጣል። ምልክቱ ለከተማዋም ለገደል ማዶዋም አንድ ነው፤ መደረግ ያለበት ነገር ግን አንድ አይደለም። ደብረ ብርሃን ጠባሴ የምትኖር ሴት ወገቧን ቆረጥ ቆረጥ ሲያደርጋት ሻይዋን ጠጥታ፣ ሰዓቷን እያየች ቆይታ ባጃጅ ትጠራለች። ከጀማ ሸለቆ ወዲያ ያለችው ያንኑ ያህል ከቆየች የምትወልደው አቀበቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሳውን እያንዳንዱን ምልክት በሁለት ጥያቄ መዝኚው፦ ምን ማለት ነው? ከቤቴ እስከ ጤና ጣቢያስ ስንት ሰዓት ነው?

1. የመውለጃ ቀንሽን አስይዢ

እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ተደርጎ ይቆጠራል። የእኛ ወር እኩል 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ከፈረንጆቹ ይቀላል፤ 9 ወር ከ10 ቀን መጨመር ነው። መሃል ላይ ጳጉሜን ካለች እሷ ራሷ 5 ቀን ስለምትወስድ የሚጨመረው 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን።

ቀኑን የማታስታውስ ብዙ ናት፤ በዓሉን የረሳች ግን አላጋጠመችኝም። «የመስቀል ዕለት ነበር የመጣብኝ» ያለችኝን ሰኔ 27 ብዬ እጽፍላታለሁ። «የጥምቀት ዕለት» ያለችኝን፣ ጳጉሜን ስለምታልፍ፣ ጥቅምት 16። ሁለቱ ቀኖች በመንገድ በኩል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሰኔ 27 ክረምቱ ገብቷል፣ የእነዋሪና የጅሩ ዋልካ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ወንዙም ሞልቷል። ጥቅምት 16 ላይ መንገዱ እየደረቀ ነው፤ ብርዱ ግን እየመጣ ነው።

ከዚህ ቀን 3 ሳምንት ቀድሞ፣ ማለትም 37ኛው ሳምንት ሲሞላ፣ ወርሽ ገባ ማለት ይቻላል። ለሰኔ 27ቷ ሴት ሰኔ 6 ነው። ከዚያ በፊት ቁርጠት፣ ደም ወይም ውሃ ከታየ ልጁ ያለጊዜው ሊመጣ ይችላልና «ትንሽ ልጠብቅ» የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው መሄድ ነው። ቀኑ አልፎ ሳምንት ከሞላም፣ ምንም ምልክት ባይኖር እንኳ፣ ሄደሽ ታዪ።

2. መንገድሽን ለኪ

ይህን የሚያደርገው ባልሽ ወይም ወንድምሽ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ምጡ ሲጀምር የሚሯሯጠው እሱ ነውና። አምቡላንስ እስከ የት ይገባል? ከዚያ ወዲህ ያለውን በቃሬዛ የሚሸከሙት ሰዎች እነማን ናቸው? ሌሊት ቢሆንስ? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የአምቡላንስ ሹፌሩ ስልክ ባልሽ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን የክትትል ካርድሽ ጀርባ ላይም ይጻፍ። ባል ገበያ ሄዶ ስልኩ አብሮት የሄደበትን ምጥ ብዙ አይቻለሁ።

መንገድሽ ከ2 ሰዓት በላይ ከሆነ ወይም የሚሞላ ወንዝ ካለበት፣ ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች ቤትሽ ሆነሽ እንድትቆጥሪ አልመክርሽም። ከቀንሽ 2 ወይም 3 ሳምንት ቀደም ብለሽ ወደ እናቶች ማቆያ፣ ማለትም ምጥ እስኪመጣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ወደሚያርፉበት ቤት፣ ግቢ። ማቆያ የሌለው ጤና ጣቢያ ከሆነ ከተማ ያለ ዘመድ ቤት ተጠጊ። ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ልጁ በእግሩ ወይም በመቀመጫው የመጣባት፣ በፊት ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ግን ቤቷ ቅርብ ቢሆንም የት እንደምትወልድ አስቀድማ ከባለሙያ ጋር ትነጋገር፤ ቦታው ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል ሊሆን ይገባል። «ላሞቹን ማን ያልባል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። መልስ የሚፈለግለት ግን አሁን እንጂ ምጥ ሲይዝሽ አይደለም።

3. ቀስ ብለው የሚመጡት ምልክቶች

እነዚህ ከቀናት እስከ ሳምንታት ቀድመው ይታያሉ። ሲያዩዋቸው አይሮጥም፤ መዘጋጀት ነው።

ሆድሽ ይወርዳል። ይህን ጎረቤት ካንቺ ቀድማ ታየዋለች። የልጁ ጭንቅላት ወደ ዳሌሽ ሲገባ ትንፋሽሽ ይቀልላል፣ ቃር ይቀንሳል፣ የመቀነትሽ ማሰሪያ ቦታም ይለወጣል። ለመጀመሪያ ልጅ ከምጡ 2 እስከ 4 ሳምንት ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ደጋግማ የወለደች ሴት ግን ምጧ እስኪጀምር ድረስ ላይወርድ ይችላል፤ ስለዚህ «ሆዴ ገና ላይ ነው» ብላ አትዘናጋ።

ከላይ የቀለለው ከታች ይከብዳል። ዳሌሽ መሃል የሚገፋ ነገር ይሰማሻል፣ አረማመድሽ ይንገዳገዳል፣ ሽንትሽ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። በመንዝ ውርጭ ሌሊት አራቴ ደጅ ከመውጣት ፖፖ አልጋ ሥር ማስቀመጥ ይሻላል፤ በጨለማ የወደቀች ነፍሰ ጡር መቀበልም ደስ አይልም። ሽንቱ የሚያቃጥልሽ ከሆነ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ታከሚ፤ እሱም ራሱ ሆድ ያስቆርጣል።

ወገብ ያማል፤ ከቀድሞው ለየት ባለ፣ ወደ ጭን በሚወርድ ሕመም። ሆድ ይላላል፣ ተቅማጥ ማለቴ ነው፤ አንዳንዷን ደግሞ ያቅለሸልሻታል። ይህኛው በዓል ሰሞን ያታልላል። አንዲት እናት ከፋሲካ ማግስት ሌሊቱን ሙሉ «ዶሮው ነው የነካኝ» ስትል፣ አማቷ ፌጦ በሎሚ ስታጠጣት አድራ ጎህ ሲቀድ ደጃችን ላይ ደርሳ ወለደች። ወርሽ ከገባ በኋላ ሆድሽ ሲላላ በሆድሽ ላይ እጅሽን አስቀምጪና እየጠነከረ የሚለቅ መሆኑን ፈትሺ፤ ምግብ የነካው አንጀት ማህፀንን በየተራ አያጠነክርም።

ድንገት ጉልበት አግኝቶ ቤት መለቅለቅ፣ ልብስ ማጠብ የሚያምራትም አለች። እኔ ይህን ምልክት ብዙ አላምነውም። ቢመጣብሽም ጉልበትሽን ለምጡ አስቀሪው፤ እንጀራውን ሌላ ሰው ይጋግር።

4. የውሸቱን ከእውነተኛው መለየት

አብዛኛው ግራ መጋባት ያለው እዚህ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ማህፀን ራሱን ያለማምዳል፤ ሆድ ድንገት እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ይለቃል። የውሸት ምጥ የሚባለው ይህ ነው። ውሸት መባሉ ሕመም የለውም ማለት አይደለም፤ የማህፀንን በር እየከፈተ አይደለም ማለት ነው። ቀን ሙሉ ስትሠሪ ውለሽ፣ ውሃ ሳትጠጪ ወይም ሽንትሽን ይዘሽ ስትቆዪ ይብሳል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ውሃ ያነሳት ሴት በዚህ ምክንያት ሁለት ሦስቴ ልትመላለስ ትችላለች። በፆም ሰሞን ሳትበዪና ሳትጠጪ የምትውዪ ከሆነም የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ፈተናው እንዲህ ነው። ሽንትሽን ሽኚ። ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ውሃ ጠጪ። ስትሠሪ ከነበረ በግራ ጎንሽ ተኚ፤ ተኝተሽ ከነበረ ተነሥተሽ ግቢ ውስጥ ተመላለሺ። ለአንድ ሰዓት ያህል ተከታተዪው። የውሸቱ ይበተናል፣ ይራራቃል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። እውነተኛው ብትተኚም ብትሄጂም አይለቅሽም፤ እንዲያውም መሄዱ ያበረታዋል።

በዚያ ሰዓት ውስጥ ጊዜውን ጻፊ። የሚቆጠረው ከአንዱ ቁርጠት መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይቆጥርና ይሳሳታል። ለምሳሌ ከሌሊቱ 7፡10፣ 7፡32፣ 7፡41፣ 8፡20 ከሆነ የተዘበራረቀ ነው፤ ምናልባት እንቅልፍ ይወስድሽ ይሆናል። 7፡10፣ 7፡22፣ 7፡33፣ 7፡43፣ 7፡52 ከሆነ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ነው፤ ሰው ቀስቅሺ።

ከሰዓቱ ሌላ ሦስት ነገር አስተውዪ። እያንዳንዱ ቁርጠት ስንት ሰከንድ ይቆያል? ምጥ እየገፋ ሲሄድ ከ20 እና 30 ሰከንድ ተነሥቶ ወደ 45 እና 60 ይደርሳል። ከየት ይነሳል? ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ከወገብ ተነሥቶ ወደ ፊት ይዞራል፤ የውሸቱ ከፊት ወይም ከብሽሽት አካባቢ ይቀራል። ጭራሽ ወገቧን ብቻ ይዟት የምትወልድ ስላለች ግን ይህን እንደ ሕግ አትያዢው። ጥንካሬውስ? የእኛ ሙያ ሰዎች የሚጠቀሙበት መንገድ አለ። ሆድሽን በጣትሽ ጫፍ ስትጫኚው እንደ አፍንጫሽ ጫፍ ከሆነ ቀላል ነው፤ እንደ አገጭሽ ከሆነ መካከለኛ፤ እንደ ግንባርሽ ሆኖ ጣት አላስገባ ካለ ብርቱ ነው። ባልሽም ሊለካው ይችላል፤ መጠየቅ ከማብዛት እጁን ሥራ ማስያዝ ይሻለዋል። ሌላው መለኪያ ወሬ ነው፦ ቁርጠቱ ሲመጣ የጀመርሽውን ወሬ መጨረስ ካቃተሽ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

መቼ ልነሳ? ለመጀመሪያ ልጅ፣ ጤና ጣቢያው በግማሽ ሰዓት የሚደረስበት ከሆነ፣ በየ5 ደቂቃው የሚመጣና ወደ 1 ደቂቃ የሚቆይ ቁርጠት ለ1 ሰዓት እስኪዘልቅ መጠበቅ ይቻላል። መንገዱ 1 ሰዓት ከሆነ በየ10 ደቂቃው መምጣት ሲጀምር ተነሺ። ከዚያ በላይ ከሆነና ማቆያ ካልገባሽ፣ ቁርጠቱ መደበኛ መሆኑ እንደታወቀ ተነሺ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቅርብም ሆነሽ መደበኛነቱን ስታረጋግጪ ጉዞ ጀምሪ፤ የእነሱ ምጥ ሳይታሰብ ይፈጥናል። «ያለፈው ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ» ብላ ስትጠብቅ በር ላይ የወለደች አውቃለሁ። ያለምክንያት ብትመላለሺ የሚቀርብሽ እንቅልፍ ብቻ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነፃ ስለሆነ ገንዘብም አያሳስብሽ።

5. ንፍጥና ውሃ

የማህፀን በር በእርግዝና ዘመን በወፍራም ንፍጥ ተደፍኖ ይኖራል። በሩ መላላት ሲጀምር ይህ ይወጣል፤ ነጣ ያለ፣ ሮዝ ወይም ቡናማ ደም የተለወሰበት፣ ዝልግልግ ነገር። መጠኑ ብዙ አይደለም። ከታየ በኋላ ምጡ በሰዓታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ሁለት ሳምንት የሚቆይም አለ። ብቻውን የሚያስሮጥ አይደለም፤ መንገድሽ ሩቅ ከሆነ ግን ጉዞ የምትጀምሪበት ምልክት ይሁንልሽ። በማህፀን ምርመራ ወይም በግንኙነት ማግስትም ትንሽ ደም ጠብ ሊል ይችላል። ንጹሕ ደም እንደ ወር አበባ ከፈሰሰ ግን፣ ሕመም ኖረውም አልኖረው፣ ይህ ምልክት ሳይሆን አደጋ ነው።

የእንሽርት ውሃ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁልጊዜ ቀድሞ አይፈስም፤ ከምጥ በፊት የሚፈሳቸው ከ10 እናቶች አንዷ አካባቢ ናቸው። ሲፈስም ሁልጊዜ እንደ ገንቦ ውሃ አይደለም፤ ጠብ ጠብ እያለ ሽንት የሚመስልበት ጊዜ አለ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥፈሽ አድርጊና ግማሽ ሰዓት ተኚ፤ ከዚያ ተነሥተሽ ሳል አድርጊ። ጨርቁ ከራሰና የሽንት ሽታ ከሌለው የእንሽርት ውሃ ነው ብለሽ ውሰጂው። የፈሰሰበትን ሰዓት ያዢ፣ ጨርቁንም ለአዋላጇ አሳዪ። ጤነኛው ውሃ ጥርት ያለ ወይም የገለባ ቀለም ያለው ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ ማህፀን ውስጥ ካካ ብሏል ማለት ነው፣ መጥፎ ሽታ ካለውም ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አይቆዩም። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ቁርጠት ባይኖርም ሂጂ፤ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ላንቺም ለልጁም የኢንፌክሽን ስጋቱ ይጨምራል። ቤት ውስጥ ማንም እጁን አስገብቶ አይፈትሽሽ።

እትብት ቀድሞ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ወይም የሆነ ገመድ የመሰለ ነገር ብልትሽ ላይ ከተሰማሽ፣ በጉልበትሽና በክርንሽ ተንበርከኪ፤ ደረትሽ ዝቅ፣ መቀመጫሽ ከፍ ይበል። እትብቱን አትንኪው፣ አምቡላንስም በዚያው ቅጽበት ይጠራ።

6. «ልጁ ዝም ካለ ምጥ ቀርቧል» የሚለውን ተዪው

አያቶቻችን ሲሉት የኖሩት ነው፤ ደጋግሜም ሰምቼዋለሁ። ስህተት ነው፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ቦታ ስለሚጠበው ልጁ መገለባበጡን ትቶ መግፋትና መለጠጥ ይጀምር ይሆናል፤ መንቀሳቀሱ ግን እስከ ምጡም፣ በምጡም መሃል ይቀጥላል። ከቀነሰብሽ በሶ ወይም ሻይ በስኳር ጠጥተሽ በግራ ጎንሽ ተኚና ቁጠሪ። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ወይም አኳኋኑ ከወትሮው የተለየ መስሎ ከተሰማሽ ነገ አትበዪ።

ከዚህ ጋር ወዲያው የሚያስነሱት እነዚህ ናቸው፦ ብዙ ደም፤ በቁርጠቶቹ መሃል የማይላላ፣ ሲነካ የሚያም ደረቅ ሆድ፤ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚያቃጥል ሕመም፤ ማንዘፍዘፍ ወይም ራስ መሳት፤ ትኩሳት። ራስ ምታቱና ብዥታው የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ መጨረሻው ማንዘፍዘፍ ሊሆን ይችላል። ያንዘፈዘፋትን እናት መጀመሪያ ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ አለ። በጠበሉ አልከራከርም፤ ሆስፒታል አልጋዋ ድረስ ይምጣላት። በቀወት በኩል ካለው ቆላ የመጣ ትኩሳት ደግሞ ወባ ሊሆን ስለሚችል ደሟ ይታይ።

7. ስትነሺ፣ በመንገድና ስትደርሺ

ንጹሕ ጨርቆች፣ የልጁ ኮፍያ፣ ጋቢ ወይም ባና፣ የክትትል ካርድሽ፣ የተሞላ ስልክ፣ በሶና ስኳር ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ በአንድ ከረጢት ይቀመጡ። ደም ቢያስፈልግ የሚለግሱ ሁለት ሰዎችም አብረው ቢሄዱ መልካም ነው። ሲነሱ ሆድሽን የሚያሽ፣ ምጥ ያፋጥናል የተባለ ሥራ ሥር የሚያጠጣ ሰው ካለ በአክብሮት እምቢ በዪ፤ ማህፀን ሊቀደድ ይችላል። ካልገፋሽ ብለው ቢወተውቱሽም ሰውነትሽ ራሱ ሳያስገድድሽ አትግፊ።

መንገድ ላይ ከመጣ ሰዎቹ እጃቸውን ታጥበው ይቀበሉት፣ ልጁን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው እርቃኑን ደረትሽ ላይ ያድርጉት፣ ሁለታችሁንም በባና ይሸፍኗችሁ። የደጋ ብርድ ለአዲስ ሕፃን ጠላት ነው። እትብቱን አይጎትቱ፣ ባገኙት ምላጭም አይቁረጡ። ጡት አጥቢው፤ ማህፀንሽ እንዲኮማተር ይረዳል። ጉዞውን ቀጥሉ፤ የእንግዴ ልጁ ከወጣም ይዛችሁት ሂዱ።

ደርሰሽ አዋላጇ በሩ ገና እንዳልተከፈተ ካየች «ገና ነሽ፣ ተመለሺ» ልትልሽ ትችላለች። ሥራ በጀመርኩ ዓመት እኔም እንዲህ ብዬ አንዲት ሴት መልሻለሁ። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ልክ ነበር፤ በሩ ገና ነበር። ቤቷ በእግር 4 ሰዓት መሆኑን ግን አልጠየቅኳትም። እኩል መንገድ ላይ ወለደች፤ ደግነቱ ሁለቱም ተርፈዋል። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቅሽ ቀድመሽ ተናገሪ፦ «ቁርጠቱ የጀመረኝ በዚህ ሰዓት ነው፣ አሁን በየዚህን ያህል ደቂቃ ይመጣል፣ ውሃው ፈሷል ወይም አልፈሰሰም፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል፣ ስንተኛዬ ነው፣ ቤቴ ይህን ያህል ሰዓት ይርቃል፤ ማቆያው ውስጥ አልጋ አለ?»